ሙሉ ሲንተቲክ የሞተር ዘይት 5ደብልዩ-30 በጎንደር መንገድ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሻጮች ይህ ዘይት ሳይቀየር «15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላሉ። ጎንደር ላይ በዚህ ቁጥር መንዳት ሞተር ያስበላል። የእኔ ቁጥር 8,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይያዛል። ዘይቱ የገባው ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ ላይ ነው፤ ሞተሩ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ ይባላል። 5ደብልዩ-30 የዘይቱ ውፍረት ቁጥር ነው፤ የፊተኛው በብርድ፣ የኋለኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዘይቱ ቀጭን ነው።

ዘይቱ ራሱ ቶሎ አይደክምም፤ የሚያበላሸው አነዳዳችን ነው። ከፒያሳ ማራኪ ደርሶ የሚጠፋ ሞተር በደንብ አይሞቅም። ያልተቃጠለው ቤንዚንና የውሃው ትነት ሳይወጡ ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። የኮረኮንቹ አቧራ ደግሞ አለ። ቶዮታም አሜሪካ ውስጥ 0ደብልዩ-20 ሲንተቲክ ለሚወስዱ መኪኖቹ 10,000 ማይል ሲፈቅድ፣ አቧራማ መንገድ ላይ ለሚነዳ 5,000 ማይል ይላል፤ ይህም 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥቅሙ በጉልህ የሚታየው ሙቀት ላይ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከሚያልፍበት ከመተማ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ተራው ዘይት እየተነነ ይቀንስ ነበር፤ በሲንተቲኩ መጠኑ ብዙም አይወርድም። ማለዳ ሲነሳ የሚሰማው የቫልቭ ኳኳታም አጥሯል። ለብርድ ተብሎ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም። የጎንደር ሌሊት 5ደብልዩ የሚያስፈልገው ብርድ የለውም፤ 10ደብልዩ-30 ሲንተቲክም ይበቃል።

ጋራዥ «መኪናው አርጅቷል፣ 20ደብልዩ-50 ይግባለት» ቢሉ ለዚህ ሞተር እሺ አይባልም። የቫልቩን ሰዓት የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ወፍራም ዘይት ማለዳ ላይ እዚያ ዘግይቶ ይደርሳል።

ሲቀየር ሞተሩ ለ5 ደቂቃ ያህል ይሞቅና መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተዳፋት ላይ የታየ የዘይት መለኪያ ዘንግ ይዋሻል። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ቡሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል፣ ዋሸሩ በአዲስ ይተካል፣ ሲጠብቅ 37 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። በረጅም ቧንቧ የሚጠብቅ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የዘይት ፊልትሮው ሲወጣ የአሮጌው ማሸጊያ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱ ይታይ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈሳል። የአዲሱ ጎማ ዘይት ይቀባና ከነካ በኋላ በእጅ ብቻ ሦስት ሩብ ዙር ይጠብቃል። ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይገባል። ከ4 ሊትር ጀሪካን የሚተርፈው መሙያ ስለሚሆን ጋራዥ ተረስቶ አይቅር።

ለዓመታት ተራ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ሞተር የመጀመሪያውን ሲንተቲክ በ3,000 ኪሎ ሜትር ቢቀይር ይሻላል፤ የተከማቸው ዝቃጭ እየታጠበ ፊልትሮውን ይሞላዋል። መጥቆሩ ብቻውን የመቀየሪያ ምልክት አይደለም፤ የሚያጥብ ዘይት ይጠቁራል። የሚያስደነግጠው ወተት የመሰለ ቀለም ወይም የቤንዚን ሽታ ነው። መለኪያው በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ፤ ሊማሊሞን በዝቅተኛ ማርሽ ከወረዱ በኋላም እንዲሁ። ቁልቁለቱ እንዳለቀ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ጎማዎቹ ደክመዋል ማለት ነው።

የአየር ፊልትሮው መጥፎ ከሆነ ውድ ዘይት መግዛት ከንቱ ነው። አቧራው በዚያ ገብቶ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ፊልትሮውን በአየር ሲያስነፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን።

ሲገዙ የጀሪካኑ ጀርባ ላይ የጥራት ደረጃው ኤፒአይ ኤስኤን ወይም ከ2020 ጀምሮ የመጣው ኤስፒ መጻፉን፣ ክዳኑም አለመነካቱን ይዩ። ከበርሜል እየተቀዳ «ሲንተቲክ ነው» የሚባለውን ይተዉት።

ተራውን በ5,000፣ ይህን በ8,000 የሚቀይር ሰው በዘይቱ ብቻ ወጪውን የሚመልሰው ዋጋው ከተራው 1.6 እጥፍ ካልበለጠ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለሞተሩ ዕድሜ የሚከፈል ነው፤ መተማ ለሚመላለስ ያዋጣል፣ ከከተማ ለማይወጣ ግን ጥሩ ተራ ዘይት በ5,000 መቀየር ይበቃል።

ባጃጅ ላይ ይህን ዘይት አታድርጉ። ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ይንሸራተታል፤ ጃሶ ኤምኤ የሚል፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተመደበ ዘይት ይፈልጋል። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር የሚበላ መኪናም ሲንተቲክ አያድነውም፤ ገንዘቡ ለፋሻና ለቫልቭ ጎማ ይዋል።