የጥናት ውጤት የት ለክርክር ይቅረብ? ተቋሙ ወይስ መድረኩ

በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቱን ለውይይት ማቅረብ የሚሻ ተመራማሪ ሁለት ጠንካራ አማራጮች አሉት፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እና እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ናቸው።

ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ተቋም ቤተ መጻሕፍትን፣ የብራና ስብስብን፣ ሙዚየምንና የራሱን መጽሔት አጣምሮ ስለያዘ፣ ሰነድ ለሚጠይቅ የታሪክና የባህል ጥናት በእኔ ግምት አቻ የለውም። ሆኖም አድማጩ በአብዛኛው ምሁር ነው።

መድረኩ ግን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ስለቆመ፣ ድህነትን ወይም ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት ደሳለኝ ራህመቶ ለረጅም ዘመን ያጠኑትን የመሬት ይዞታ ጉዳይ በተመራማሪዎች፣ በመንግሥት ባለሥልጣናትና በሲቪል ማኅበራት ፊት በይፋ ያከራክራል። ይህ እጅግ ያስፈልገናል፤ የገበሬውን ኑሮ የሚወስን ጥናት በመደርደሪያ ላይ ሊቀር አይገባውምና። ድክመቱ ሥራው በለጋሾች ድጋፍ ላይ መመርኮዙ ነው፤ ድጋፉ ሲቀንስ ውይይቱም ይሳሳል። ስለዚህ የፖሊሲ ጥናት ያለው ሰው አስቀድሞ ወደ መድረኩ ቢሄድ፣ የሰነድ ጥናት ያለው ደግሞ ስድስት ኪሎን ቢመርጥ የተሻለ ነው እላለሁ።