ሚኒሞ ለሚያስቸግረው አሮጌ ሞተር ቫኪዩም ጌጅ፦ ከወራት በኋላ

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ አይደለም። ሞተሩ ሲያስቸግር የሚመጣው ምክርም የቪትዝና የኮሮላ ነው፦ ካንዴላ ቀይር፣ ፊልትሮ ቀይር፣ ኢንጀክተር አሳጥብ። የእኔዋ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ባለ 2 ሊትር። ችግሯ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩ በደቂቃ ወደ 1,500 ይወጣል፣ ወደ 800 ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ዘንባባው መንገድ ላይ ከባጃጅ ኋላ ስንቆም መኪናዋ ብቻዋን ትጮሃለች።

እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ ስካነር ብዙም አይረዳም። ኮምፒውተሩ የሚናገረው በቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭታ ነው፤ የእኔ ደግሞ «ጤነኛ ነኝ» ይል ነበር። ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ ቱቦ የኤሌክትሪክ ብልሽት ስላልሆነ ኮምፒውተሩ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ቫኪዩም ጌጅ ገዛሁ። ባትሪ የለው፣ ብሉቱዝ የለው። ክብ ሰዓት፣ የጎማ ቱቦና ጥቂት የፕላስቲክ ማገናኛዎች፣ በቃ። ከማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ክፍል) ጋር ይገናኝና ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል ያሳያል።

ገና ከመጀመሪያው ማወቅ ያለባችሁ ነገር ከፍታ ነው። የእኔ ጌጅ ላይ አረንጓዴው ክፍል ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የመሳብ ኃይሉ መለኪያ) ነው። ይህ ባሕር ጠርዝ ላይ ለሚኖር ሰው የተሠመረ መስመር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፤ በየ300 ሜትሩ ደግሞ ንባቡ በአንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ጤነኛ ሞተር ከ11 እስከ 15 ባለው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ደብረ ታቦር ወጥቼ ስለካ ከዚህም ወደ ሦስት ኢንች ወረደ፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀስቷን አይቶ ሞተር ያስወርዳል። አንድ መካኒክ 14 ላይ ቆማ ሲያያት «ወንድሜ፣ ታይሚንጉ ዘግይቷል፣ መከፈት አለበት» ብሎኝ ነበር። ጌጁ ላይ እዚያ ቦታ በእንግሊዝኛ የተጻፈው እሱ ነውና አልፈርድበትም። አልተከፈተም፤ ሞተሩም ደህና ነው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። መጀመሪያ ሳገናኘው ቀስቷ 10 አካባቢ ሆና ከዙሩ ጋር ትወዛወዝ ነበር። ሞተሩ እየሠራ ከማኒፎልዱ የሚወጡትን ቱቦዎች አንድ በአንድ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨመቅኳቸው። የፍሬን ሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልለው ክፍል) ቱቦ ላይ ስደርስ ቀስቷ ወደ 14 ወጣች፤ ዙሩም ጸጥ አለ። ቱቦው ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ምንም የለበትም።

ዙሩ የሚወጣው የሚወርደው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። የዚች መኪና ኮምፒውተር ነዳጅ የሚመድበው የማኒፎልዱን ግፊት አይቶ ነው። ሾልኮ የገባ አየር ሲጨመር ነዳጅም ይጨምርና ዙሩ ይወጣል። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩ «ቁልቁለት ላይ ነን» ብሎ ነዳጅ ይቆርጣል። ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከሚኒሞው በላይ ያሳሰበኝ ግን ፍሬኑ ነው። ያ ቱቦ ለይቶለት ቢሄድ ፔዳሉ ይጠጥራል፤ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል እየወረዱ ይህ እንዲሆን ማንም አይፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ጌጁ የሰፈሩ ሆኗል። የጎረቤታችን የአባባ ዲኤክስ ባለ ካርቡራተር ነው። ቀስቷ ከፍተኛው ቦታ ላይ ወጥታ ሳትንቀጠቀጥ እስክትቆም ድረስ የነዳጁን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርን አስተካከልነው። በጆሮ ከማስተካከል በብዙ ይሻላል። ከቁጥሩ ይልቅ እንቅስቃሴዋን ማንበብ ነው ቁም ነገሩ። በየተወሰነ ጊዜ ጠብ የምትል ከሆነ ቫልቮላ ተጠርጣሪ ነው። ዙሩን 2,500 ላይ ይዛችሁት ቀስ እያለች ከወረደች ማርሚታው ወይም ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ታፍኗል።

የማልወድለትም አለ። አብሮት የመጣው ቱቦ የሞተር ሙቀት አልቻለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደርቆ ጫፉ ተሰነጠቀ። አየር የሚያስገባ ቱቦ የሚፈልግ ዕቃ ራሱ አየር ሲያስገባ ያበሳጫል፣ ንባቡንም ያሳስታል። የፕላስቲኳ ቲ ማገናኛም ተሰብራ በናስ ተክቻታለሁ። ቀስቷ ደግሞ ያለ ምክንያት ትንቀጠቀጣለች፤ ቱቦውን በጣት ትንሽ ጫን ስትሉት ትረጋጋለች።

ኮዱን በስካነር የምታነቡበት አዲስ መኪና ካላችሁ በዚያ ጀምሩ። ዲኤክስ፣ አሮጌ የቤንዚን ሂሉክስ ወይም እንደኔ ያለ መኪና ከሆነ ግን ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ግዙ። ስትገዙ ቱቦውን እዚያው ለውጡት፤ የነዳጅ መስመር ቱቦ ይበቃል። የምትሰኩትም ከትሮትሉ ሳህን (ነዳጅ ስትረግጡ ከሚከፈተው የአየር በር) በኋላ፣ ማኒፎልዱ ላይ ባለ ቀዳዳ ይሁን፤ ከሳህኑ በፊት ካለው ላይ ከሰካችሁት በሚኒሞ ዜሮ ነው የሚያሳያችሁ።