የዎርድፕሬስ ሁክ ቅደም ተከተል፦ በአንድ የሐዋሳ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ላይ እንዳየሁት

በሐዋሳ ለሚገኙ ደንበኞቼ ድረ ገጽ የምሠራው በዎርድፕሬስ ነው። እዚህ የምገመግመው ግን ሙሉውን ሥርዓት ሳይሆን ብዙ ባለሙያ ልብ የማይለውን አንድ ክፍሉን፣ ማለትም በአንድ ሁክ (ዎርድፕሬስ በሥራው መካከል ተጨማሪ ኮድ የሚጠራበት ቦታ) ላይ የተመዘገቡ ፕለጊኖች (በዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች) ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚሠራ የሚወሰንበትን መንገድ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። አንድ ፕለጊን ሥራውን ሁክ ላይ ሲያስመዘግብ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል፤ ቁጥር ካልተሰጠ 10 ተደርጎ ይወሰዳል፤ እኩል ቁጥር ከያዙት ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ ይሠራል። ዎርድፕሬስ ራሱ በዚሁ ደንብ ይጠቀማል፦ የጽሑፍን አንቀጾች የሚያበጀው ክፍል በ10፣ ሾርትኮዶችን (በጽሑፍ መካከል በቅንፍ የሚገቡ አጫጭር ትእዛዞችን) የሚፈታው በ11 ተመዝግቧል። ፊልተር በሚባለው የሁክ ዓይነት ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ አንዱ ያወጣው ውጤት ለሚቀጥለው መነሻ ስለሚሆን ተራው ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ማረፊያው ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ለሚመጡ እንግዶች ከ2000 ብር የክፍል ዋጋ ላይ 300 ብር ይቀንስ ነበር። ቅናሹን አንድ ፕለጊን፣ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ ፕለጊን ያሰላል፤ ሁለቱም በአንድ ፊልተር ላይ፣ ሁለቱም በ10። በዓሉ ሊደርስ ሲል ከሪሴፕሽን ተደወለልኝ፦ «ወንድሜ፣ እንግዳዋ በድረ ገጹ 2000 ብር ከፍለዋል፤ የእኛ ካሽ ሬጅስተር ግን 1955 ነው የሚለው። የቱን ልቀበል?»

ትክክለኛው 1955 ነበር፤ 300 ብሩ መጀመሪያ ሲቀነስ 1700 ይቀራል፣ በእርሱ ላይ ታክሱ ሲታከል 1955 ይሆናል። ድረ ገጹ ግን ታክሱን በ2000 ላይ አስልቶ 2300 ካደረሰ በኋላ ነበር 300ውን የቀነሰው። ለወራት በትክክል ሲሠራ የቆየው ለምን ተበላሸ ብዬ ስፈልግ፣ ከሳምንት በፊት የቅናሹን ፕለጊን በሌላ መተካቴ ትዝ አለኝ። ዎርድፕሬስ ፕለጊኖችን የሚጭነው በማህደራቸው ስም በላቲን ፊደል ተራ ነው። የድሮው ማህደር በ«ዲ»፣ የታክሱ በ«ቪ»፣ አዲሱ ደግሞ በ«ደብሊው» ይጀምራል፤ ስለዚህ ቅናሹ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትክክል የነበረው በፊደል ዕድል ነበር ማለት ነው። ቅናሹ በመቶኛ ቢሆን ኖሮ ብዜቱ በየትኛውም ተራ አንድ ውጤት ስለሚሰጥ ስህተቱን ማንም አያየውም ነበር።

ማስተካከያው የሰው ኮድ ሳይነካ መሆን ነበረበት፤ ፕለጊኑን ራሱን ብቀይረው በሚቀጥለው ዝመና ይጠፋል። ስለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በሚጫነው የግዴታ ፕለጊኖች ማህደር ውስጥ አነስተኛ ፋይል አስቀምጬ የታክሱን ምዝገባ ከ10 ላይ አንሥቼ በ20 እንደገና ላስመዘግበው ሞከርኩ፤ በመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ትእዛዙን የሰጠሁት የታክሱ ፕለጊን ገና ሳይጫን በመሆኑ የሚነሣ ነገር አልነበረም። ፕለጊኖቹ ሁሉ ተጭነው ካለቁ በኋላ እንዲፈጸም ሳደርገው ሠራ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ምዝገባን ለማንሣት ያ ሥራ የተመዘገበበትን ቁጥር በትክክል መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ብትስቱ ወይም ጊዜው ካልደረሰ ዎርድፕሬስ አንዳች የስህተት መልእክት ሳያሳይ በዝምታ ያልፋል። ሥራው የተመዘገበው ስም በሌለው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ከሆነ ደግሞ ማንሣቱ እጅግ አድካሚ ነው። ደግነቱ እኔ ያነሣሁት ፈንክሽን ስም ነበረው። እንዲህ ላለው ፍለጋ ኩዌሪ ሞኒተር የተባለው ነጻ ፕለጊን ትልቅ እርዳታ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ የተጠሩትን ሁኮች ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቁጥሩ ሐሳብን አለመናገሩ ነው። 20 የሚለው «ከቅናሹ በኋላ» ማለት መሆኑን ኮዱን የሚያነብ ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ፕለጊን ሠሪዎች የመጨረሻ ለመሆን 99፣ 999፣ 9999 እያሉ ይሽቀዳደማሉ። በፓይተን የሙከራ መሣሪያ በፓይቴስት ሥር ያለው ፕላጊ የተባለ የፕለጊን ሥርዓት «መጀመሪያ ሞክር» እና «መጨረሻ ሞክር» የሚሉ ግልጽ ምልክቶች አሉት፤ ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ድሩፓል በቅርብ እትሞቹ ከተጠቀሰ ሞጁል (ፕለጊንን የሚመስል ተጨማሪ ክፍል) በፊት ወይም በኋላ ብሎ ማዘዝ አስችሏል። ዎርድፕሬስ በ2024 በወጣው እትም 6.5 አንድ ፕለጊን የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፕለጊኖች እንዲያስታውቅ ፈቅዷል፤ ይህ ግን የመጫኛውን ተራ አይለውጥም።

እንዲህም ሆኖ ሥርዓቱን እመርጠዋለሁ። ደንቡ በአንድ ቀን ይለመዳል፣ ከውጭ ሆኖ የሰውን ተራ ማስተካከልም ያስችላል። ገንዘብ የሚያሰላ ድረ ገጽ ያላችሁ ግን በ10 የተውትን ፊልተር ሁሉ ዛሬውኑ ፈትሹ። የእኔ ፋይል አናት ላይ አሁን በአማርኛ «ታክስ ከቅናሽ በኋላ ይሰላል፤ 20ውን ወደ 10 አትመልሱ» የሚል ማስታወሻ አለ፤ እንግዳዋም 45 ብራቸው ተመልሶላቸዋል።