ሪፈሩ 34 ይላል፣ ሰላጣው ስንት ይላል? የሙቀት ሎገር ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው ጁላይ አንድ ሎድ፣ ማለትም ሙሉ የትራክ ጭነት፣ ተመለሰብኝ። ከሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ የጫንኩት ሮሜን ሰላጣ ነበር። አምስት ቀን ነድቼ ጄሰፕ፣ ሜሪላንድ ደረስኩ። ተቀባዩ ላኪው ፓሌት (ካርቶኖቹ የሚደረደሩበት የእንጨት ርብራብ) ላይ የለጠፈውን የሙቀት መቅጃ ነቅሎ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። አየው፣ ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 44 ፋራናይት ይላሉ። የኔ ሪፈር፣ የትሬለሩ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ደግሞ መንገዱን ሙሉ 34 እያሳየ ነው የመጣው። እሱ ግራፍ አለው፣ እኔ ያለኝ አፍ ብቻ ነው። ሰላጣው ተመለሰ፣ ኪሳራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ኦገስት ላይ አራት የብሉቱዝ ሎገር፣ የራሴ የሙቀት መቅጃ፣ ገዛሁ፤ አራቱም በ200 ዶላር ገደማ። አንዷ ክብሪት ብታክል ነው። በየአስር ደቂቃው ሙቀት ትመዘግባለች፣ ስልክ ስታስጠጋላት ግራፉን በፒዲኤፍ ትሰጥሃለች። ይህ ዓይነት ዕቃ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ማርካው ላይ አልቆይም።

የመጣልኝ ዕለት ማታ ኩሽና ገባሁ። መፈተሻው ቀላል ነው። በረዶ ትፈጫለህ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ታደርግበታለህ። ያ ድብልቅ 32 ፋራናይት ላይ ይቆማል። አራቱንም በዚፕ ላስቲክ አሽጌ ድስቱ ውስጥ ነከርኳቸው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ደግሞ ዛሬ ምን እየቀቀልክ ነው?» አለች። አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። አንዷ 32.2፣ አንዷ 31.8፣ ሦስተኛዋ 32.4። አራተኛዋ 34.1 ላይ ድርቅ አለች። ሁለት ዲግሪ ምን አላት ሊባል ይችላል። ሰላጣ ግን ወደ 32 በተጠጋ ቁጥር ነው ዕድሜው የሚረዝመው፤ ከ32 ትንሽ ዝቅ ካለ ደግሞ ቅጠሉ በረዶ ይሠራና ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ላኪ ወረቀቱ ላይ 34 ብሎ የሚጽፈው። አራተኛዋን ለብቻዋ አስቀመጥኳት።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሦስቱን ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጠፍኳቸው። ጄሰፕ ስደርስ የፊተኛዋ 33፣ የመሀሏ 35 ትላለች። የኋለኛዋ ኦክላሆማን ካለፍን ጀምሮ 40 ላይ ናት። ሪፈሩ? 34! እንደ ልማዱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለዓመታት የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ሪፈሩ ላይ የምናየው ቁጥር የሰላጣው ሙቀት አይደለም፣ የአየሩ ነው። ያውም አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ ወደ ማሽኑ የተመለሰው አየር። ማሽኑ ከፊት ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር ጣሪያ ላይ በተዘረጋ የሸራ ቱቦ ወደ ኋላ ይልካል። አየሩ በሩ ጋ ይወርዳል፣ ከፓሌቱ ስር በወለሉ ቦይ አድርጎ ወደ ፊት ይመለሳል። መሀል ላይ አንድ ነገር ካቋረጠው አየሩ በአቋራጭ ይመለሳል፣ ማሽኑም «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል። ሰላጣ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፣ ራሱ ሙቀት ያወጣል። አየር ያልደረሰው ፓሌት ቀስ እያለ ይሞቃል።

ጭነቱ ሲራገፍ ባትሪዬን ይዤ ባዶው ትሬለር ውስጥ ገባሁ። ቱቦው ከመሀሉ ተቀዶ እንደ አሮጌ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ፎርክሊፍት ፓሌት ከፍ አድርጎ ሲገባ ነክሶት መሆን አለበት። ስንት ሎድ እንደዚህ እንደነዳሁ እግዜር ይወቀው። አዲስ ቱቦ አስገባሁ፤ በሚቀጥለው ጉዞ የኋለኛዋ 36 ሆነች። በዚያው ሰሞን ሪፈሩንም እየተነሳ ከሚጠፋበት አውጥቼ ያለማቋረጥ እንዲሠራ አደረግኩት። ናፍጣ ይበላል፣ ግራፉ ላይ ግን ያ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል መውጣትና መውረድ ጠፋ። ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ 200 ዶላሩ አይቆጨኝም።

አሁን ወደ እንከኗ።

ትልቁ፣ ብሉቱዙ ከትሬለሩ ውስጥ ካቢን አይደርስም። ግድግዳው ወፍራም ፎም ነው፣ ላዩ አሉሚኒየም። በዚያ ላይ በሩ ታሽጓል። ማኅተሙን መንገድ ላይ ከቆረጥክ ሎዱን አጣኸው ማለት ነው። ስለዚህ ሎገሯ የምትነግርህ ከደረስክ በኋላ ነው። መንገድ ላይ የሚያስጠነቅቅ ነገር የሚፈልግ ሰው የስልክ ኔትወርክ ያለውን ዓይነት ይግዛ፤ እሱ ግን በየወሩ ክፍያ አለው።

ሰዓቷ ደግሞ ጉድ ነው። ስልኩ ያለበትን ሰዓት ትወስዳለች። ሳሊናስ ከሰዓት በኋላ 1 ሰዓት የጫንኩት ሜሪላንድ ስደርስ 4 ሰዓት ሆኖ ይወጣል። «መቼ ነው የጫንከው?» በሚል ብቻ ሃያ ደቂቃ ተከራክረናል። የሀበሻ ሰዓት ቢጨመርበት ማን ይፈታው ነበር? አሁን የጫንኩበትን ሰዓት ከነከተማው ወረቀቱ ላይ በእጄ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ አፑ ራሱን አድሶ ወደ ሴልሺየስ ተቀይሯል። ዶኩ (ማራገፊያው) ላይ ያለው ልጅ «1 ዲግሪ! በረዶ አደረግከው እኮ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ያደግኩት በሴልሺየስ ስለሆነ አልደነገጥኩም፤ 1 ማለት 34 ገደማ ነው። እሱን ለማስረዳት ግን ላብ አጠመቀኝ። ባትሪዋ ቅዝቃዜ ስለማይስማማው በአራት ወር አለቀ፤ ዓመት ይቆያል የሚለውን ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ እርሱት።

ቡና ላይ አንድ ዘመዴ «እንግዲህ ይህ ካለህ ሰላጣው ንጹህ ነው ማለት ነው» አለኝ። አይደለም። በ2018 ከዩማ፣ አሪዞና አካባቢ የወጣ ሮሜን ሰላጣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ በ36 ስቴቶች 210 ሰው አሳመመ፣ አምስት ሰው ሞተ። መርማሪዎች ያንኑ ባክቴሪያ ያገኙት የመስኖ ቦይ ውሃ ውስጥ ነው። ሰላጣው ትራክ ላይ ሳይወጣ የሆነ ነገር ነው፤ የኔ ሎገር ይህን ከየት ታየዋለች? ቅዝቃዜ ባክቴሪያን አይገድልም፣ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ። ሊስቴሪያ የሚባለውማ ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል። የተከተፈ ሰላጣ ከ41 በላይ እንዳይወጣ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ቢላ የነካው ቅጠል ለባክቴሪያ በሩ ክፍት ነው። ቀጥ ያለ ግራፍ የሚያሳየው እኔ ነገሩን እንዳላባባስኩት ብቻ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሾፌር ይጠይቀኛል። የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የምግብ ማጓጓዣ ንጽሕና ደንብ የወጣው በ2016 ነው። ላኪው የሚፈልገውን ሙቀት በጽሑፍ ይሰጣል፣ አጓጓዡ ሲጠየቅ እንደጠበቀው ያሳያል። የዓመት ገቢያችን ከ500,000 ዶላር በታች የሆንን ባለ አንድ ትራኮች ደንቡ አይነካንም። ግን ብሮከሩ፣ ጭነት የሚያገናኝህ ደላላ፣ ያንኑ ነገር ውሉ ላይ ጽፎ ያስፈርምሃል፤ ከሕግ አመለጥክ፣ ከፊርማህ ወዴት ታመልጣለህ?

ሎገሯ ሳታስበው ያስገዛችኝ ሌላ ዕቃ አለ፤ 25 ዶላር የማይሞላ ባለ መርፌ ቴርሞሜትር። ሦስት አራት ግራፍ ሳይ ነው የገባኝ። አንዳንዱ መስመር ገና ከመነሻው 42፣ 43 ብሎ ጀምሮ ሙሉ ቀን ፈጅቶ ነው የሚወርደው። ሪፈር የቀዘቀዘን ያቆያል እንጂ የሞቀን ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። የማቀዝቀዙ ሥራ የላኪው ነው።

ጃንዋሪ ላይ ዩማ ነበርኩ፤ ክረምት ሲገባ ሰላጣው ከሳሊናስ ወደዚያ ይወርዳል። ፓሌቶቹ ሲገቡ መርፌውን የሰላጣው ልብ ድረስ እየወጋሁ አየሁ። 35፣ 35፣ 36። ከዚያ ሁለት ፓሌት 43። ጫኙ «ማሽንህ ያወርደዋል፣ ፈርምና ሂድ» አለኝ። ፎቶ አነሳሁ፣ «ሲጫን 43» ብዬ ሰነዱ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶ ሳወጣ ፊቱ ተቀየረ። ሁለቱን ፓሌቶች ወደ ማቀዝቀዣው መለሷቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ፣ ማንም አልከፈለኝም። ጄሰፕ ላይ ግን ሎዱ ያለ አንድ ቃል ገባ።

የጁላይዋን 44 አሁን ሳስባት፣ ሞቆ ነው የተጫነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ግን ሳልወጋ ፈርሜያለሁ።

ሰላጣ፣ ስፒናች፣ እንጆሪ ለሚጭን ሰው ሎገሯን ግዛ እላለሁ። በጀትህ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ግን መርፌውን አስቀድም። ሁልጊዜ በረዶ የሆነ ሥጋ ወይም አይስክሬም ለሚጭን ግን ያን ያህል አታስፈልግም።

ያቺ 34.1 ያለችው አራተኛዋ አልተጣለችም። ባለቤቴ ወስዳ የቤታችን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሁለት ቀንሰንላት እንኳ 44 ሆነ። ያ ሁሉ ወጥ እዚያ ውስጥ ነው የከረመው። አሁን ፍሪጁን ከፍቼ የምበላውን ሳማርጥ ትንሽ ከቆየሁ፣ ከሳሎን ሆና «ቱቦው ተቀደደ እንዴ?» ትለኛለች።