የቱን እንግዛ? አምስት መሣሪያዎች በአንድ አሮጌ አስፕሪን ሲፈተኑ

ለላብራቶሪ መሣሪያ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚገባው ብሮሹር ነው። ብሮሹር ደግሞ ማሽኑ የሚችለውን እንጂ የሚያቅተውን አይናገርም። ስለዚህ አንድ ናሙና ከምን እንደተሠራ ለሚለዩ አምስት መሣሪያዎች አንድ ፈተና እንስጣቸው፦ እርጥበት ቦታ የከረመ አስፕሪን። ክዳኑን ሲከፍቱት አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል፤ የሚሸተው አሴቲክ አሲዱ ነው። ምን ያህሉ ፈርሷል? ይህን ማን ይነግረናል?

ኢንፍራሬድ

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው ይህን ነው። ናሙናው የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚመጥ ያያል። ኤቲአር (ናሙናውን ትንሽ አልማዝ ላይ አድርጎ በቀጥታ የሚያነብ ክፍል) የተገጠመለት ከሆነ ዝግጅት ብሎ ነገር የለም። ክኒኑን መፍጨት፣ ቁንጥር ዱቄት አልማዟ ላይ ማድረግ፣ መጫኛውን ጠበቅ ማድረግ፣ በቃ። ስፔክትረሙ፣ ማለትም የተመጠጠውን ብርሃን የሚያሳየው መስመር፣ ወዲያው ይመጣል። ደህና አስፕሪን 1,750 እና 1,690 ዌቭ ነምበር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ቁጥር) አካባቢ ሁለት ፒኮች፣ ማለትም ጉልህ ጫፎች፣ አሉት። የመጀመሪያው የኤስተሩ፣ ማለትም እርጥበት የሚበጥሰው የሞለኪውሉ ክፍል፣ ነው፤ አስፕሪኑ ሲፈርስ እያጠረ ይሄዳል። ብልሽቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን ያመልጠዋል። ውሃ የበዛበት ናሙናም ያስቸግረዋል።

ርካሽ ነው ተብሎ ያለ ኤቲአር የሚሸጥ ካጋጠመዎት ይለፉት። ናሙናን ከፖታሲየም ብሮማይድ ጋር ፈጭቶ መጫን ጊዜ ይበላል። ጨውየው እርጥበት ስለሚስብም የውሃው ፒክ እየገባ ያደናግራል።

ራማን

የኢንፍራሬድ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የቦንዶችን፣ ማለትም አተሞችን የሚያያይዙ ትስስሮችን፣ ንዝረት ያነባሉ። ራማን ግን በሌዘር ይሠራል፤ ክኒኑን ከግልጽ ማሸጊያው ሳያወጣ ማየት ይችላል። ውሃም ብዙ አያውከውም። ጠላቱ ፍሎረሰንስ ነው። ሌዘሩ ሲያርፍበት ናሙናው ራሱ ካበራ፣ ደካማው የራማን ምልክት ይዋጣል። ቀለም ያላቸው ናሙናዎች የሚበዙብዎት ከሆነ ከ532 ናኖሜትር ሌዘር ይልቅ 785ቱ ይሻላል።

ኤንኤምአር

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ትልቁ ውሳኔ ያለው እዚህ ነው። ኤንኤምአር በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሆኖ እንደ ሃይድሮጅን ያሉ አተሞች የሚሰጡትን የሬዲዮ ምልክት ያነባል። የ400 ሜጋኸርዝ ማሽን 9.4 ቴስላ ማግኔት አለው። ማግኔቱ የሚሠራው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ተነክሮ ነው። ሂሊየሙ ይተናል። በየጥቂት ወሩ መሙላት፣ ሂሊየሙን ከውጭ ሙቀት የሚከልለውን ፈሳሽ ናይትሮጅንም በየሳምንቱ ገደማ መጨመር ግድ ነው። ከተዘነጋ ማግኔቱ ኃይሉን ያጣል፤ የቀረው ሂሊየም በአንዴ ጋዝ ይሆንና የክፍሉን ኦክስጅን ይገፋል። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ከ60 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ያላት ግን በቋሚ ማግኔት ስለምትሠራ ሂሊየም አትፈልግም።

ለአስፕሪናችንስ? የአስፕሪኑ ሜታይል (አንድ ካርቦንና 3 ሃይድሮጅን ያለው ክፍል) ፒክ 2.3 ፒፒኤም (የፒኩ ቦታ መለኪያ) አካባቢ ይወጣል፣ የአሴቲክ አሲዱ 2.1 አካባቢ። ሁለቱን ማወዳደር ያጓጓል፤ ግን ሽታው እንደነገረን አሴቲክ አሲዱ ከፊሉ ተኗል። የሚያዋጣው የሞለኪውሉ የካርቦን ቀለበት ነው። የፈረሰውም ያልፈረሰውም ሞለኪውል ቀለበቱ ላይ 4 ሃይድሮጅን አለው። በሜታይሉ ፒክ ስር ያለውን ስፋት ለ3፣ የቀለበቱን ለ4 ያካፍሉ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ስንት እጅ እንደሆነ ሲያዩ፣ ያልፈረሰው ከመቶ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን ትንሿም ትሠራዋለች። አዳዲስና ውስብስብ ሞለኪውሎች የማይሠሩ ከሆነ ትልቁን አይመኙ።

ማስ ስፔክትሮሜትር

እጅግ ጥቂት ብልሽት ለመያዝ ይህን የሚያህል የለም። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ይለያል፤ የአስፕሪን ሞለኪውል 180፣ የሳሊሲሊክ አሲድ 138 ዳልተን ይመዝናል። ወጥመድም አለው፦ ደህናው አስፕሪን ራሱ ማሽኑ ውስጥ 42 ጥሎ 138 ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አስቀድሞ የሚለይ ክሮማቶግራፊ ከሌለው አይግዙት። ናሙናው አይመለስም፤ የቫኪዩም ፓምፑም ቀን ከሌት ይሠራል።

ኤክስሬይ ዲፍራክሽን

የሚጠይቁት ስለ ክሪስታል አደራደር፣ ማለትም አተሞቹ በጠጣሩ ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ከሆነ ሌላ አይፈልጉ። ካልሳይትና አራጎናይት ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ይህ ማሽን ግን ወዲያው ይለያቸዋል። ተኖ የሄደውን አሴቲክ አሲድ ግን አያውቀውም።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን ናሙና ለሻጩ ይላኩ። ንጹሑን ሳይሆን ያረጀውንና የሚያስቸግርዎትን። ውጤቱንም በሥዕል ብቻ ሳይሆን ከነጥሬ ዳታው ይቀበሉ።