ለእንጉዳይ ፓስታ ክሬም ቺዝ ይሻላል ወይስ ማስካርፖኔ?

ሥጋ የማይበሉ ወዳጆቼ በእንጉዳይና በለስላሳ አይብ የሚሠራውን ፓስታ ቤታቸው ለመሥራት ሲያስቡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ የትኛውን አይብ እንደሚገዙ ነው። መልሴ ክሬም ቺዝ ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ዋጋው ነው።

ማስካርፖኔ በሰሜን ጣሊያን የምትገኘው የሎምባርዲያ አይብ ሲሆን የሚሠራው የሞቀ የወተት ክሬም በአሲድ እንዲረጋ ተደርጎ ነው። ስቡ ብዙ ስለሆነ እሳት ላይ ጥቂት ቢቆይም በቀላሉ አይቋጥርም፤ በዚህ ረገድ ከክሬም ቺዝ እንደሚበልጥ አልክድም። ሆኖም ጣዕሙ ጣፋጭነት ስለሚያደላበት የእንጉዳዩን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ክሬም ቺዝ ግን መጠነኛ ኮምጣጣነት ስላለው በትንሹ ይበቃል። ለአራት ሰው በሚበቃ 400 ግራም ፓስታ ላይ 150 ግራም ክሬም ቺዝ እጨምራለሁ፤ ማስካርፖኔ ሲሆን ግን 250 ግራም የሚይዘው ዕቃ እንዳለ ያልቃል። እኔ በምገበይባቸው መደብሮች ማስካርፖኔ በግራም ሲሰላም ውድ ስለሆነ ልዩነቱ ድርብ ይሆናል። ከ200 ግራም ክሬም ቺዝ የሚተርፈው 50 ግራም ለቁርስ ዳቦ ይውላል፤ የተከፈተ ማስካርፖኔ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተበላ ይበላሻል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

ገዢ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ክሬም ቺዝ መስለው ከሚሸጡ ርካሽ የዳቦ ቅቦች ነው። ከእነዚህ አንዱን ገዝቼ ትኩስ ፓስታ ላይ ስጨምረው ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ የቀረው ነጭ ፍርፋሪ ብቻ ነበር፤ እንጉዳዩም አብሮ ተበላሸ። ማሸጊያው ላይ የላሟ ሥዕል ቢኖርም በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ዝርዝር የሚጀምረው በውሃና በፓልም ዘይት ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ በወተትና በክሬም የማይጀምር ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛ። እዚያው ዝርዝር ላይ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው ሬኔት መኖር አለመኖሩንም ማየት ያስፈልጋል፤ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው ደረቅ የጣሊያን አይብ ሁልጊዜ በእርሱ ስለሚረጋ ሥጋ ለማይበላ ሰው ፓስታው ላይ መፈግፈግ የለበትም።

የእኛው አይብ ከሁሉም ይረክሳል፤ ነገር ግን ቅቤው ከወጣለት አሬራ ተሞቆ የሚሠራ በመሆኑ ስቡ አነስተኛ ነው፤ ቢሞቅም አይቀልጥም። ለዚህ መረቅ አይሆንም።

ከአይቡ የተረፈው ገንዘብ ለትኩስ እንጉዳይ ቢውል ይመረጣል። የቆርቆሮው ርካሽ የሚመስለው ክብደቱ ከነውሃው ስለሚነበብ ነው፤ 400 ግራም ከሚል ቆርቆሮ ውሃው ሲንጠፈፍ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ 230 ግራም አካባቢ ስለሆነ ዋጋው መካፈል ያለበት ለዚህ ቁጥር ነው። ትኩሱም ቢሆን 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ 500 ግራም መግዛትና ሰፊ መጥበሻ ላይ ውሃው ተንኖ ጠርዙ እስኪቀላ መጥበስ ይገባል። ክሬም ቺዙ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው ከለቀቀው፣ ፓስታው በተቀቀለበት ትኩስ ውሃም ቀስ በቀስ ከቀጠነ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ስቡን ስለሚያዋሕደው መረቁ ሳይቋጥር ፓስታውን ይለብሰዋል።