«ሁሉም ነገር የተሟላላት» የሸራ ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት መልህቁን ከነገመዱ አውጥታችሁ እዩ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ቅዳሜና እሁድን ቼሳፒክ ቤይ ላይ ለማሳለፍ ያገለገለች የሸራ ጀልባ የምትፈልጉ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ። በረዶው ሲቀልጥ ማስታወቂያው ይበዛል፦ 22 ጫማ ጀልባ፣ ከነተጎታቿ፣ ከነሞተሯ፣ ከነመልህቋ፣ «ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ውሃ ላይ»። ዋጋዋ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ይባላል። ርካሽ የመሰለችው ጉድለቷ በፎቶ ስለማይታይ ነው። ከጉድለቶቹ ሁሉ አስቀድመን መልህቁን የምናነሳው በምክንያት ነው። የሌላው ጉድለት ገንዘብ ያስወጣል። የመልህቁ ጉድለት ግን የሚገለጠው ሌሊት፣ ቤተሰብ ተኝቶ፣ ነፋስ ሲነሳ ነው።

ሻጩ «መልህቁም አለ» ብሎ የሚያሳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትንሽ ቦርሳ ነው። ውስጡ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ 8 ወይም 10 ፓውንድ ብረት፣ ካልሆነም እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ባለ አራት ጥርስ መልህቅ ይገኛል። ከሱ ጋር 50 ጫማ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀጭን ገመድና እንደ ቁልፍ መያዣ የሚከፈት መንጠቆ አለ። ሰንሰለት የለም። ይህ ዕቃ በረጋ ኩሬ ላይ ለአንድ ሰዓት ዓሣ ለሚያጠምድ የቀዘፋ ጀልባ የተሠራ ነው፤ ለዚያ ሥራው ነውር የለበትም። በውስጧ ሰው ለሚያድርባት፣ ከ2,200 ፓውንድ በላይ ለምትመዝን ጀልባ «ተሟልቷል» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

መልህቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ አይደለም፣ መሬት ውስጥ ገብቶ በመቀበር ነው። የእንጉዳዩ ቅርጽ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ለመያዝ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጀልባ በቋሚነት የሚታሰርባቸው የዚህ ዓይነት መልህቆች በመቶ የሚቆጠር ፓውንድ የሚመዝኑት። ባለ አራት ጥርሱ ድንጋይ ላይ ይነክሳል፣ ጭቃ ላይ እንደ ሹካ ሾርባ ውስጥ ያልፋል። ሰዎች ለማደር የሚመርጧቸው የቼሳፒክ ጥጎች፣ ከአናፖሊስ በስተደቡብ ያለው ሮድ ሪቨርም ሆነ በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ዋይ ሪቨር፣ መሬታቸው በብዛት ጭቃ ነው። እዚያ የሚሠራው ሁለት ሰፋፊ ክንፍ ያለው የዳንፎርዝ ዓይነት ነው። ከአሉሚኒየም የሚሠራው ፎርትረስ ኤፍኤክስ 7 ክብደቱ 4 ፓውንድ ብቻ ሆኖ ከ16 እስከ 27 ጫማ ላላት ጀልባ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ክንፉ ለለስላሳ ጭቃ 45 ዲግሪ፣ ለአሸዋ 32 ዲግሪ ላይ ሊገጠም ይችላል። በክብደት የሚመርጥ ሰው 10 ፓውንዱን እንጉዳይ ወስዶ 4 ፓውንዱን ይተወዋል፣ ተሳሳተ ማለት ነው።

የዳንፎርዝ ቅርጽ ያለው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ርካሽ ዓይነት ዘንጉ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው፤ ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት በስንጥቁ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሮጣል። ጥቅሙ ተብሎ የሚነገረው መልህቁ ድንጋይ ሥር ሲያዝ ወደ ኋላ ስቦ ለማውጣት መሆኑ ነው። ሌሊት ነፋሱ ዞሮ ጀልባዋ በሌላ በኩል ስትስብ ቀለበቱ ያንኑ ሥራ ማንም ሳያዘው ይሠራዋል፦ ወደ ክንፎቹ ይንሸራተትና መልህቁን ከጭቃው ይነቅለዋል። ይህን ዓይነት በነጻም ቢሰጧችሁ ለማደሪያ አትጠቀሙበት።

ገመዱን ደግሞ በባልዲ ፈትኑት። ከጫፉ የአንድ ጣት ርዝመት ቆርጣችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉ፣ በጣታችሁም ውሃው እንዲገባው ጨምቁት። ከሰመጠ ናይለን ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው ወይም ሰማያዊው ቀጭን ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይንሳፈፋል፣ ፖሊፕሮፒሊን ነውና። ፖሊፕሮፒሊን ለመልህቅ አይሆንም። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የራሳችሁም የጎረቤታችሁም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ እጃችሁን ስታሻሹበት እንደ ገለባ ይረግፋል። ዋናው ነገር ግን እንደ ናይለን አለመለጠጡ ነው። ጀልባዋ በማዕበል ተነስታ ስትወድቅ ናይለኑ ተስቦ ምቱን ይውጠዋል፤ የማይለጠጠው ገመድ ምቱን በሙሉ ለመልህቁና ገመዱ ለታሰረበት ብረት ያስተላልፋል።

የምቱን መጠን ለመገመት፣ የጀልባ ደረጃዎችን የሚያወጣው አሜሪካን ቦት ኤንድ ያት ካውንስል ያወጣው የመልህቅ ጭነት ሰንጠረዥ 20 ጫማ ለምትሆን ጀልባ በ15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል) ነፋስ 90 ፓውንድ፣ በ30 ኖት 360 ፓውንድ ይላል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ነው። ቼሳፒክ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነጎድጓዳማ ዝናብ 30 ኖት በቀላሉ ያመጣል፣ ሳይነገርም ይደርሳል።

ቀጥሎ የርዝመቱ ሒሳብ ነው፤ ገዢ የሚታለልበት ዋናው ቦታም እዚህ ነው። ለማደር የሚለቀቀው ገመድና ሰንሰለት የጥልቀቱን 7 እጥፍ መሆን አለበት። ሻጩ «ውሃው 8 ጫማ ነው፣ 7 ጊዜ 8 ሃምሳ ስድስት፣ 50 ጫማ ከሞላ ጎደል ይበቃል» ይላችኋል። ልክ አይደለም። ጥልቀት የሚለካው ከመሬቱ እስከ ውሃው ላይ ሳይሆን ገመዱ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከሚወጣበት ድረስ ነው። የ22 ጫማ ጀልባ አፍንጫ ከውሃው 3 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል። በባሕር ሙላት ውሃው ከፍ ስለሚል 2 ጫማ ጨምሩ። 8 ሲደመር 3 ሲደመር 2 አሥራ ሦስት፣ በ7 ስታባዙት 91 ጫማ። በ50 ጫማ ገመድ የምታገኙት 4 እጥፍ እንኳን አይሞላም። ገመዱ ሲያጥር ስበቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ ወደ ላይ የተሳበ መልህቅ ደግሞ ይነቀላል። 5 እጥፍ ምሳ ለመብላት፣ ሰው ነቅቶ እያየ ይበቃል።

ስለዚህ የምትገዙትን ጀልባ ዋጋ ስትቆጥሩ ይህን ከላዩ ደምሩበት፦ 150 ጫማ ባለ ሦስት ፈትል ናይለን፣ ውፍረቱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፤ ከ15 እስከ 20 ጫማ ሩብ ኢንች ጋልቫናይዝድ ሰንሰለት፤ የሚሸከመው ክብደት በላዩ የተጻፈበት አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ሻክል፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያያይዝ፣ በፒን የሚዘጋ ቅስት ብረት። ሰንሰለቱ የመልህቁን ዘንግ ወደ መሬት ተጭኖ ይይዛል፣ ገመዱም በኦይስተር ቅርፊት እንዳይበጠስ ይከላከላል። ገመዱ ከሰንሰለቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያው የብረት ቀለበት ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ሻክሉ ይፈጨዋል። የሻክሉን ፒን በቺያቤ ካጠበቃችሁ በኋላ በቀጭን ሽቦ እሰሩት። የሚወዛወዝ ፒን ራሱን ይፈታል። ከመልህቁ ቦርሳ ውስጥ ያገኛችሁትን መንጠቆ ጣሉት።

ገመዱ የሚታሰርበትን ብረትም ተመልከቱ። ከፊት ክፍሉ መኝታ ላይ ተንጋላችሁ በባትሪ ወደ ጣሪያው አብሩ። ከብረቱ ሥር ወደ ታች ያለፉ ብሎኖች፣ ዳዶና ሰፊ የላሜራ መደገፊያ ወይም ትላልቅ ሮንዴላዎች መታየት አለባቸው። የሚታየው የቪቴ ጫፍ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ዙሪያው ቡናማ የውሃ ዱካ ካለው፣ ያ ብረት ከነወለሉ ሊነቀል ይችላል። በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ከላይ አንኳኩ፤ ጠንካራው ቦታ ይጮኻል፣ ውስጡ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ዱብ ይላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርዶ መልህቁን ጥሎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ወደ ነፋሱ ዞሮ ይቁም፣ መልህቁን ሳይወረውር ቀስ አድርጎ ያውርደው፣ ነፋስ ወደ ኋላ ሲወስዳችሁ ገመዱን ይልቀቅ። ሦስት እጥፍ ሲደርስ አንዴ ያዝ አድርጎ እንዲነክስ ይተወው፣ ከዚያ ቀሪውን ለቅቆ ሞተሩን ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ይጨምር። እናንተ የተወጠረው ገመድ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ። የያዘ መልህቅ ገመድ ጸጥ ብሎ ይወጠራል፤ እየተጎተተ ያለው ደግሞ ጠጠር መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ በእጃችሁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ላላ ይላል፣ እንደገና ይወጠራል። በጎን በኩል ዳርቻው ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው አንድ ቤት አሰልፋችሁ ተመልከቱ፤ ከተለያዩ እየሄዳችሁ ነው። መልህቁን ከኋላ በኩል አስሮ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈተናውን እዚያው አቁሙ፤ የኋላዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማዕበል ይገባባታል።

ከመልህቁ ሌላ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ኪሉ፣ ማለትም ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርደው ከባድ ክንፍ ነው። በዚህ ዋጋ በብዛት የምትገኘው ካታሊና 22 ናት፤ ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። ተጣጣፊ ኪል ያላት ዓይነት ከሥሯ 550 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን የብረት ኪል አለ፣ የሚንጠለጠለውም በአንድ ኢንች ፒን ላይ ነው። ለዓመታት ሲወዛወዝ ፒኑ ይበላል፣ ቀዳዳውም ሞላላ ይሆናል። ተጎታቹ ላይ ተቀምጣ ሳለች ይህ አይታይም። በማንሻ ቀበቶ ከፍ ትበልና ኪሉን ግራና ቀኝ ግፉት፤ ቋ ቋ ካለ ጥገና አለበት። ኪሉን የሚያነሳው የሽቦ ገመድ አንድ ክሩ እንኳን ከተበጠሰ ይቀየር። የሽቦው ገመድ ወደ ውስጥ የሚገባበትን የጎማ ቱቦም ጨምቁት፤ ከተሰነጣጠቀ ጀልባዋ የምትሰጥመው በዚያ በኩል ነው።

ሞተሩ ላይ ከማስነሳታችሁ በፊት እጃችሁን አኑሩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ ቀዝቃዛውን እንዴት እንደሚነሳ አላያችሁም ማለት ነው። የዘንጉ ርዝመት ቢያንስ 20 ኢንች ይሁን። 15 ኢንቹ በማዕበል ጊዜ ከውሃ እየወጣ በባዶ ይጮኻል፣ መልህቅ ተነቅሎ ሞተር በምትፈልጉበት ሰዓት ማለት ነው።

የተጎታቹን ጎማ በጥርሱ አትመዝኑ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፦ 2316 ማለት በ2016 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ስድስት ዓመት ካለፈው ቢያምርም ይቀየራል። 15 ደቂቃ ጎትታችሁ አቁሙና የጎማውን መሃል ንኩ፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ግራሶው በጨው ውሃ ተበልቷል። ጀልባዋ፣ ተጎታቹ፣ ሞተሩና ዕቃው ሲደመሩ በቀላሉ 3,000 ፓውንድ ያልፋሉ፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ከዚያ በላይ ለሆነ ተጎታች ፍሬን ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ፍሬኑ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መያዙን እዩ።

ወረቀቱ ሁለት ነው፣ አንድ አይደለም። በሜሪላንድ የጀልባዋ ባለቤትነት በተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ የተጎታቹ ደግሞ በተሽከርካሪ አስተዳደሩ ይመዘገባል። ከጀልባዋ ኋላ በስተቀኝ ያሉትን 12 ፊደላትና ቁጥሮች ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኅዳር 1972 ወዲህ የተሠራች ጀልባ ሁሉ ይህ ቁጥር ሊኖራት ይገባል። በስማችሁ ስታዞሩ በጀልባዋ ዋጋ ላይ 5 ከመቶ ግብር አለ፤ ስለዚህ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ የጀልባዋና የተጎታቹ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ሻጩ «የተጎታቹ ወረቀት ጠፍቷል፣ እናንተ ታወጣላችሁ» ካለ፣ ምትኩን በራሱ ስም አውጥቶ እስኪያመጣ ድረስ ገንዘቡ ከእጃችሁ አይውጣ።